የሥራ መደባችሁን ወረቀት አንብቡ

(በባሕር ዳር ለጀማሪ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች በተዘጋጀ የአንድ ቀን ስብሰባ ላይ ያደረግሁት ንግግር ነው። ያልተገኙ ባልደረቦች ስለጠየቁኝ እንደተናገርሁት አስቀምጬዋለሁ።)

ጤና ይስጥልኝ! እንደምን አረፈዳችሁ?

እግዚአብሔር ይመስገን። ከከተማው ውስጥ የመጣችሁም፣ ከመራዊ፣ ከሐሙሲትና ከወረታ በሌሊት ተነሥታችሁ መኪና የያዛችሁም፣ እንኳን ደኅና መጣችሁ። በዚህ ዝናብ መምጣታችሁ ብቻ ለሥራው ያላችሁን ልብ ይነግረኛል።

ፊታችሁን ስመለከት አብዛኛችሁ ሥራ ከያዛችሁ ሁለት ዓመት፣ ቢበዛ ሦስት ዓመት ቢሆናችሁ ነው። እኔ ሥራ ከያዝሁ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። በእነዚህ ዓመታት ስለ መጽሐፍ ክብር፣ ስለ ንባብ ጥቅም ብዙ ንግግር ሰምቻለሁ፤ እናንተም ሰምታችኋል። ዛሬ እኔ የማወራው ስለ ደመወዝ ነው። ስለ ደመወዝ፣ ስለ ደረጃ፣ ስለ ትምህርት ማስረጃ። ነውር ነው? በፍጹም ነውር አይደለም! የቤት ኪራይ የምትከፍሉ፣ ለወላጆቻችሁ የምትልኩ፣ ለማታ ፈረቃ በባጃጅ ወጥታችሁ በባጃጅ የምትመለሱ ሰዎች ናችሁ። ደመወዛችሁን ስትጠይቁ ሙያችሁን አላዋረዳችሁም።

ሦስት ነገር አነሣለሁ። አንደኛው፣ የሥራ መደባችን በወረቀት ላይ ምን ተብሎ እንደተጻፈ ነው። ሁለተኛው፣ ትምህርትና ማስረጃ ነው። ሦስተኛው፣ ሰኞ ጠዋት ቢሮ ስትገቡ ምን እንደምትጀምሩ ነው። በመሀል ወጣ ካልሁ ታገሡኝ፤ የምነግራችሁ ያየሁትን ነውና።

እንግዲህ አንደኛው። የመጀመሪያ ቀኔን ልንገራችሁ። መሥሪያ ቤቱን አልጠራውም። የቤተ መጻሕፍት ዲፕሎማዬን ይዤ፣ አዲስ ቀሚስ ለብሼ፣ የቅጥር ደብዳቤዬን አቀረብሁ። የሰው ኃይል ክፍሉ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ አይደለም የላከኝ፤ ወደ ንብረት ክፍል ነው። ኃላፊው የሞዴል 22፣ የንብረት መረከቢያውን ቅጽ፣ ጥራዝ አወጡና «ፈርሚ» አሉኝ።

«ምን ላይ ነው የምፈርመው ጌታዬ?»

«መጽሐፎቹ ላይ ነዋ! ከዛሬ ጀምሮ በእጅሽ ናቸው።»

ሳልቆጥር አልፈርምም አልሁ። አራት ቀን ቆጠርን። በዝርዝሩ ላይ ምን ተጽፎ እንደነበር እስከ ዛሬ በዓይኔ ላይ አለ። ተራ ቁጥር፤ ወንበር፣ የእንጨት። ተራ ቁጥር፤ ጠረጴዛ፣ ረጅም። ተራ ቁጥር፤ መጋረጃ፣ ሰማያዊ። ከዚያ ቀጥሎ፣ መጽሐፍ፣ ልዩ ልዩ። ሌላ ነገር የለም! ደራሲ የለም፣ ርእስ የለም፣ የታተመበት ዘመን የለም። አንድ ሙሉ ክፍል መጽሐፍ በአንድ መስመር «ልዩ ልዩ» ተብሎ አለፈ።

በዓመቱ ቆጠራ ሲደረግ ዘጠኝ መጽሐፍ ጎደለ። ከደመወዜ አምስት ወር ተቆረጠብኝ። ከዘጠኙ ሁለቱ በኋላ ከአንድ ኃላፊ ቢሮ ተገኙ፤ የተቆረጠው ገንዘብ ግን አልተመለሰም። ያን ጊዜ አለቀስሁ። ሲውል ሲያድር ግን አንድ ነገር ገባኝ፤ በዚያ ወረቀት ላይ እኔ የመጋዘን ሰው ነበርሁ። ንብረት ያዥነት የተከበረ ሥራ ነው፤ ታማኝነት ይጠይቃል። ነገር ግን መጋዘን ውስጥ ያለ ዕቃ ዓመቱን ሙሉ ከቦታው ካልተነቃነቀ ንብረት ያዡ ይመሰገናል። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ያለ መጽሐፍ ዓመቱን ሙሉ ከቦታው ካልተነቃነቀ ባለሙያው ሥራ አልሠራም ማለት ነው። ታዲያ አንድን ሰው በመጋዘን ወረቀት አስፈርመን የቤተ መጻሕፍት ሥራ እንዲሠራ እንዴት እንጠብቃለን? በየትምህርት ቤቱ አዲስ መጽሐፍ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት ያያችሁ እጃችሁን አውጡ እስቲ። ... ሁላችሁም! የቆለፈችው ልጅ ክፉ ሆና አይደለም። ደመወዟን ነው የቆለፈችበት።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ጄኢጂ ሲባል ሰምታችኋል፤ የሥራ ምዘናና ደረጃ አሰጣጥ ማለት ነው። ብዙዎቻችሁ ግን የሚመዘነው ማን እንደሆነ አታውቁም። የሚመዘነው ሰውዬው አይደለም፤ የሥራ መደቡ ነው። የአንተ ትጋት አይመዘንም፣ የአንቺ ዲግሪ አይመዘንም። መደቡ ምን ዓይነት እውቀት እንደሚጠይቅ፣ ምን ኃላፊነት እንዳለበት፣ ምን ያህል ጥረት እንደሚፈልግ፣ ሥራው በምን ሁኔታ እንደሚከናወን ነጥብ ይሰጠዋል፤ ነጥቡ ተደምሮ ደረጃ ይወጣል። መዛኞቹ ያንን ከየት ያገኙታል? ከሥራ ዝርዝር መግለጫው። ከወረቀቱ! ወረቀቱ ላይ የሌለ ሥራ ነጥብ የለውም። ነጥብ የሌለው ሥራ ደረጃ የለውም። ደረጃ የሌለው ሥራ ደመወዝ የለውም።

ከመስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በመጣው የፌዴራል የደመወዝ ማስተካከያ የዲግሪ መነሻ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ እንዳለ ሰምታችኋል። መልካም ነው፤ ይገባል። ነገር ግን ማስተካከያ ሲመጣ ሁሉም ሰው ከቆመበት ደረጃ ላይ ሆኖ ነው ከፍ የሚለው። ደረጃው ዝቅ ብሎ የተመደበ፣ ከማስተካከያው በኋላም ዝቅ ብሎ ነው የሚገኘው።

አሁን የእኛን የሥራ ዝርዝር ልጥቀስላችሁ። ባለፉት ዓመታት ከተለያዩ ቦታዎች ብዙ አይቻለሁ፤ ቃሉ ቢለያይ ሐሳቡ አንድ ነው። መጽሐፍ ያውሳል። መጽሐፍ ይረከባል። መደርደሪያ ላይ ይመልሳል። አንባቢ ሥርዓት እንዲይዝ ይቆጣጠራል። አራት ግስ! የምትሠሩት ይህን ብቻ ነው? እስቲ ንገሩኝ፣ የምትሠሩት ይህን ብቻ ነው?

አንድ ሥራ ላሳያችሁ፤ እናንተ ታውቁታላችሁ፣ መዛኙ ግን አያውቀውም። አንድ የአማርኛ መጽሐፍ ጠረጴዛችሁ ላይ መጣ። ኮሃን ከፈታችሁ። ኮሃ፣ ለማታውቁት፣ በነጻ የሚገኝ የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር ነው፤ የተወለደው ኒውዚላንድ ነው፤ ቃሉም በማኦሪዎች ቋንቋ ስጦታ ማለት ነው። የደራሲው ስም አበበ ከበደ ነው እንበል። 100 በሚባለው መስክ ላይ ስሙን ከመጻፋችሁ በፊት አንዲት አኃዝ አለች። 1 ካላችሁ ደራሲው በቤተሰብ ስም ነው የሚጠራው ማለታችሁ ነው። 0 ካላችሁ በራሱ ስም ነው የሚጠራው ማለታችሁ ነው። ለፈረንጅ 1 ነው። ለእኛ 0 ነው፤ ከበደ አባቱ እንጂ የቤተሰብ ስሙ አይደለምና። ያልሠለጠነ ሰው 1 ብሎ «ከበደ፣ አበበ» ብሎ ያስገባዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ አቶ አበበ የሉም! አባታቸው ደራሲ ሆነው ቀሩ።

ቀጥሎ ርእሱ። ርእሱ ውስጥ ፀሐይ የሚል ቃል አለ። በየትኛው ጸ ትጽፉታላችሁ? በየትኛው ሀ? እኛ ስናነበው አንድ ነው፤ ኮምፒዩተሩ ግን ለየብቻ ነው የሚያያቸው። አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ከጠዋት እስከ ምሳ ሰዓት «የለም» የሚል መልስ እያየች ተቀምጣ አገኘኋት። መጽሐፉ ከጀርባዋ ካለው መደርደሪያ ላይ ነበር! በሌላኛው ጸ ስለተመዘገበ ብቻ ነው ያላገኘችው። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ተቀምጬ ሁለቱንም አጻጻፍ ማስገባት ጀመርሁ።

ሽፋኑ ላይ ደግሞ 1985 ይላል። በማን አቆጣጠር? በእኛ ከሆነ በፈረንጅ 1992 ወይም 1993 ነው። ሳይጠይቅ 1985 ብሎ በፈረንጅ ያስገባ ሰው መጽሐፉን በሰባት፣ በስምንት ዓመት አስረጀው። በመጨረሻም የመደርደሪያ ቁጥሩ አለ። ዴዊ በሚባለው የመጻሕፍት አመዳደብ የኢትዮጵያ ታሪክ 963 ነው። ስለ ጣና ገዳማት የተጻፈ መጽሐፍ ቢመጣላችሁስ? ታሪክ ነው ብላችሁ 963 ላይ ታደርጉታላችሁ? ሃይማኖት ነው ብላችሁ 200ዎቹ ውስጥ? ወይስ ሥዕሉና ሕንፃው ስለሚያመዝን 700ዎቹ ውስጥ? መልሱ ማን እንደሚያነበው ባወቀ ሰው እጅ ነው። ይህ ሁሉ ፍርድ፣ ይህ ሁሉ እውቀት፣ ከአራቱ ግሶች በየትኛው ውስጥ ነው ያለው? በአንዱም ውስጥ የለም።

ሁለተኛው ነጥቤ ትምህርት ነው። ይህን ፈጠን ብዬ አልፈዋለሁ ብዬ ነበር የመጣሁት፤ ግን ስትጠይቁኝ ያረፈዳችሁት እሱን ነው።

በአገራችን የሙያው ትምህርት ዛሬ በአብዛኛው የሚሰጠው ኢንፎርሜሽን ሳይንስ በሚል ስም ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1990 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮና በካናዳው የልማት ምርምር ማዕከል ድጋፍ ለአፍሪካ ተብሎ የተቋቋመው ትምህርት ቤት በሁለተኛ ዲግሪ ጀመረ፤ በኋላ ጅማም፣ ሐረማያም፣ ከሐይቁ ማዶ ጎንደርም የመጀመሪያ ዲግሪ ማስተማር ያዙ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና ያልፋል። ትምህርቱ አድጓል። ነገር ግን ቤተ መጻሕፍት የሚለው ቃል ከዲግሪው ስም ላይ ሲወርድ፣ ከቅጥር ማስታወቂያው ላይም ባለቤቱ ጠፋ። ማስታወቂያ አንብባችሁ ታውቃላችሁ፤ «አግባብነት ያለው የትምህርት ዝግጅት» ይልና ማኔጅመንት፣ ታሪክ፣ ቋንቋ፣ ኮምፒዩተር እያለ ይደረድራል። ድልድል ሲመጣ ደግሞ ከሌላ ክፍል የተረፈ ሰው ወደ ቤተ መጻሕፍት ይላካል። ሕክምና ክፍል ይላካል? ሒሳብ ክፍል ይላካል? አይላክም። ወደ እኛ ይላካል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በጥንቃቄ ልናገር። ከሌላ ክፍል የመጡትን አትናቁ። እኔን ዴዊን ያስተማሩኝ ሴትዮ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በላይ አልተማሩም ነበር። ከጽሕፈት ክፍል ነበር ወደ ቤተ መጻሕፍት የተዛወሩት። የመጽሐፉን ጀርባ በጣታቸው ዳሰስ አድርገው «ይሄ የት ነው የሚያድረው?» ብለው ይጠይቁኝ ነበር። ከተሳሳትሁ «አሳድሪው፣ ነገ ራሱ ይነግርሻል» ይሉኝና እንደገና በጠዋት እንድመለከተው ያደርጉኛል። ሠላሳ ዓመት ሠርተው ጡረታ ሲወጡ፣ ወረቀት ስላልነበራቸው፣ ከገቡበት ደረጃ ብዙም ርቀው አልሄዱም። ስለዚህ ሁለቱንም እላችኋለሁ፤ ወረቀት ያላችሁ እውቀቱን ያዙ፤ እውቀት ያላችሁ ወረቀቱን ያዙ። ማታም፣ ክረምትም፣ በርቀትም ቢሆን ያዙት። ሴቶች በተለይ፣ «ልጅ ላሳድግና» ብላችሁ አታዘግዩት። እኔ አዘግይቼው አሥራ አንድ ዓመት ጠበቅሁ።

ራንጋናታን ስለሚባል ህንዳዊ ተምራችኋል። ከተማሪ ቤት የምታስታውሱት አምስቱን የቤተ መጻሕፍት ሕጎቹን ብቻ ይሆናል። ሰውየው በማድራስ የሒሳብ መምህር ነበር። በ1924 እ.ኤ.አ. የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ለመሆን ያመለከተው ደመወዙ ከመምህርነቱ ስለሚሻል ነው። ልብ በሉ፣ ስለ ደመወዝ! ገብቶ በጥቂት ቀን ውስጥ ሰለቸውና ወደ ማስተማሬ መልሱኝ አለ። መጀመሪያ ለንደን ሄደህ ሙያውን ተማር፣ ከዚያ በኋላም ካልወደድኸው ትመለሳለህ አሉት። ለንደን ደርሶ ቤተ መጻሕፍት ለሕዝብ እንዴት እንደሚሠሩ አየ። ሲመለስ የሒሳቡን ነገር አላነሣውም። በ1931 ያወጣው የመጀመሪያው ሕግ መጻሕፍት ለአገልግሎት ናቸው ይላል። ደመወዙ አስገባው፣ ትምህርቱ አስቀረው። የእኔ ሞዴል 22 ይህን ሕግ አያውቀውም ነበር።

በሌላ አገርስ? ናይጄሪያን ብቻ ልጥቀስ። በ1995 እ.ኤ.አ. በሕግ የተቋቋመ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች መዝጋቢ ምክር ቤት አላቸው፤ በሙያው ለመሥራት መመዝገብ ግድ ነው። በዩኒቨርሲቲዎቻቸው ደግሞ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያው ከመምህራን ጋር በአካዳሚክ ሠራተኛነት ነው የሚቆጠረው። በእኛ ዘንድ ባለሙያው በአብዛኛው የአስተዳደር ሠራተኛ ነው። የማኅበር ነገር ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ የኢትዮጵያ የቤተ መጻሕፍት ማኅበር የተመሠረተው በ1961 እ.ኤ.አ. ነው።

ከዚህ ወጣ ብዬ ወደ ዘጌ ልውሰዳችሁ። ከጣና ገዳማት ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባበትም፤ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግን ይገባል። አንድ ቅዳሜ በጀልባ ተሻግሬ፣ በቡናው ውስጥ ለውስጥ ወጥቼ ሄድሁ። ዕቃ ቤቱን የሚጠብቁት አባት ከማኅደሩ አንድ የብራና መጽሐፍ አወጡ። ከማውጣታቸው በፊት እጃቸውን ታጠቡ፤ በነጠላቸው ጫፍ አደረቁ። ገጹን ሲገልጡ ከታች ከማዕዘኑ አይይዙም፣ በመዳፋቸው ደግፈው ነው የሚያነሡት። «አባ፣ ሁሉንም ያውቋቸዋል?» አልኋቸው። «ልጄ፣ የማላውቀውን እንዴት እጠብቃለሁ?» አሉኝ። መጨረሻው ገጽ ላይ «ዘሰረቆ አው ዘፈሐቆ» የሚለውን የውግዘት ቃል አሳዩኝ፤ የሰረቀውም የፋቀውም ውጉዝ ይሁን ማለት ነው። እሳቸውም እንደ እኔ ንብረት ያዥ ናቸው፤ ቢጠፋ ይጠየቃሉ። ነገር ግን ሰው ሁሉ የሚሳለማቸው በውስጡ ያለውን ስለሚያውቁ ነው። «ልዩ ልዩ» የሚል መጽሐፍ በእሳቸው ዘንድ የለም። ያን ቀን በጀልባው ስመለስ የንብረት ዝርዝሬን በአዲስ መጻፍ እንዳለብኝ ወሰንሁ። ጻፍሁትም፤ ስምንት ወር ፈጀብኝ።

ሦስተኛው፣ የሰኞው ሥራ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ልጅ መጣልን። ኢንፎርሜሽን ሳይንስ ተመርቆ፣ ጥሩ ውጤት ይዞ። በር ላይ አስቀምጠው ቦርሳ ያስፈትሹት ነበር። ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ «እትዬ፣ መልቀቄ ነው» አለኝ። «ሦስት ወር ስጠኝ» አልሁትና የሃያ ብር ደብተር ገዛሁለት። በር ላይ ተቀምጦ ሰው የሚጠይቀውን ሁሉ ጻፈ። ማን ጠየቀ፣ ምን ጠየቀ፣ ምን አደረገለት፣ ስንት ደቂቃ ፈጀ። «የጤና መጽሔት በኢንተርኔት የት ነው የማገኘው?» ሂናሪ የሚባለውን የጤና መጽሔቶች ድረ ገጽ ከፍቶ አሳየው፤ አሥራ አምስት ደቂቃ። «የመመረቂያ ጽሑፌን ማጣቀሻ እንዴት ላስተካክል?» አርባ ደቂቃ። ክረምቱ ሳይጋመስ አንድ ተማሪ «እነዚህ መጻሕፍት ለምን ይሸታሉ?» ብሎ ጠየቀው። የሐይቁ እርጥበት ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ ሻጋታ ይነሣል፣ ታውቁታላችሁ። ሄዶ አየ፣ መደርደሪያውን ከግድግዳው አንድ ክንድ አራቀው፣ የሻገቱትን ለየ፣ በደረቅ ጨርቅ አንድ በአንድ ጠረገ፤ ሁለት ቀን። ይህንንም ጻፈው።

በሦስተኛው ወር ደብተሩ ሞላ። ቁጭ ብለን ከደብተሩ ውስጥ ግሶቹን ለቀምን። ያፈላልጋል፣ ያሠለጥናል፣ ይመዘግባል፣ ይመድባል፣ ይንከባከባል፣ ያማክራል። አራት የነበሩት አሥራ ሦስት ሆኑ። የሥራ ዝርዝሩ እንዲከለስ ከደብተሩ ኮፒ ጋር በጽሑፍ አቀረብን። እውነቱን ልንገራችሁ፤ የደረጃው መልስ ገና አልመጣም። ነገር ግን ዝርዝሩ ተቀይሮ ጸድቋል፤ ልጁም ከበር ላይ ተነሥቶ የመረጃ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። አልለቀቀም። ዛሬም እዚህ አለ፤ ስለሚያፍር አላስነሣውም።

ስለዚህ ሰኞ ጠዋት መጀመሪያ የሰው ኃይል ክፍል ሂዱና የመደባችሁን የሥራ ዝርዝር ኮፒ ጠይቁ። በትሕትና ጠይቁ፤ ግን ጠይቁ፣ መብታችሁ ነው። ብዙዎቻችሁ አይታችሁት አታውቁም። የማይሰጧችሁ ከሆነ በጽሑፍ ጠይቁና ቅጂውን ያዙ። ከዚያ ደብተር ክፈቱ። ንብረት ስትረከቡ «ልዩ ልዩ» የሚል ነገር ላይ አትፈርሙ፤ ርእስና ደራሲ ያለው ዝርዝር ይሁን። ከምትሠሩበት ቦታ ብቻችሁን ከሆናችሁ ደግሞ፣ በተለይ እናንተ የትምህርት ቤቶቹ፣ ከቅርባችሁ ካለው ጋር ተያያዙ፤ የአንድ ሰው ማመልከቻ መሳቢያ ውስጥ ያድራል፣ የሃያ ሰው ማመልከቻ ግን መልስ ይፈልጋል።

ብዙ አወራሁ። ሻይ እየመጣ ነው። የሥራ ዝርዝራችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ በሐይቁ በኩል ካለው መስኮት አጠገብ ጠብቁኝ፤ አብረን አንድ በአንድ እናነበዋለን። ያልያዛችሁ ደግሞ በየወንበራችሁ ላይ ባዶ ወረቀት አለ። ትናንት በር ከከፈታችሁበት ሰዓት ጀምሮ እስከዘጋችሁበት ድረስ የሠራችሁትን ጻፉበት፤ ምንም አታስቀሩ። ከምሳ በፊት እሰበስበዋለሁ።

አመሰግናለሁ።